አቴንስ ሄዳችሁ ሱቭላኪ ከመብላታችሁ በፊት

ወደ አቴንስ የሚሄድ የወሎ ልጅ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ብርዱና ስለ ቋንቋው ነው። ስለ ምግብ የሚጠይቀኝ ብዙ የለም። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የተቸገርኩት በምግብ ነው። አብራኝ የኖረችው የኮምቦልቻ ልጅ ደግሞ ከእኔ ብሳ ተቸግራለች። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሁለታችንም የአሳማ ሥጋ አንነካም። አቴንስ ደግሞ በየማዕዘኑ ሥጋ የሚጠበስባት ከተማ ናት፤ የሚጠበሰውም በአብዛኛው አሳማ ነው።

ይህን የምጽፈው ሱቭላኪ እንዳትበሉ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። እንዲያውም የምፈልገው እንድትበሉት ነው፤ የት እንደሚበላ ለይታችሁ፣ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃችሁ፣ ልባችሁ ሳይሰጋ። እኛ ይህን እስክናውቅ ድረስ የብርዱን ወራት በዳቦና በሻይ ገፋነው። እኔ እስከመታመም ደረስኩ። እናንተ እዚያ መድረስ የለባችሁም።

መጀመሪያ ሱቭላኪ የሚባለውን የግሪኮች ምግብ ላስተዋውቃችሁ። ሥጋው በትንንሹ ይቆረጥና በስንጥር ይሰካል፣ ከሰል ላይ ይጠበሳል። ጨው፣ ሪጋኒ የሚሉት የደረቀ ቅጠል፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ። በቃ፣ ቅመሙ ይኸው ነው። በስንጥሩ እንዳለ የሚበላውን አቴንሶች ካላማኪ ይሉታል። ጥቅሉን ከፈለጋችሁ ደግሞ ፒታ የሚባል ወፈር ያለ ለስላሳ ቂጣ አለ። ዘይት ይቀባና ይሞቃል፣ ሥጋው፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ችብስና ዛዚኪ ገብቶበት በወረቀት ይጠቀለላል። ዛዚኪ ከተጠለለ እርጎ፣ ከኪያርና ከነጭ ሽንኩርት የሚሠራ ማባያ ነው። ዪሮስ የሚባለውም አለ፤ እሱ በቆመ ብረት ላይ ተደራርቦ እየዞረ የሚጠበሰውና በቢላ እየተላጠ የሚወርደው ነው። ትኩስ ሆኖ፣ ቆማችሁ፣ ወረቀቱን ከላይ ወደታች እየቀደዳችሁ ስትበሉት በጣም ይጣፍጣል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ጥቅል 4 ዩሮ አካባቢ ነበር። ለተማሪ ኪስ ከዚህ የተሻለ ትኩስ ምግብ አቴንስ ውስጥ አላገኘሁም።

የሄድኩት በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። ኪፕሴሊ የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት ሁለት ክፍል ተከራየን። ኪፕሴሊ የአፍሪካም የአረብም ሰው የሚኖርበት፣ ሕንፃው የተጠጋጋ፣ ሞቅ ያለ ሰፈር ነው። ከቤታችን በር ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን የሥጋ ጭስ ይቀበለናል። ረሃብ ላይ ያለ ሰው በዚያ መንገድ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

የሆነውም እንዲህ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ካሉት ቤቶች አንዱ በር ላይ ኬባብ የሚል ተጽፏል። ኬባብ ካሉ ሙስሊሞች ናቸው ብለን ገባን። ጓደኛዬ ግን ጠንቃቃ ናት፣ ዝም ብላ አልበላችም። ሰውየውን "ሐላል?" ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ አገጩንም ወደ ላይ ብድግ አድርጎ በምላሱ "ጽ" አለ። እኛ አገር አንድን ሰው ስትጠይቁት ቅንድቡን አንስቶ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ከሳበ "አዎ" ማለቱ ነው። እኛም እንደዚያ ነው የተረዳነው። አመስግነን ከፍለን ተቀምጠን በላን። ከዚያም ተመላልሰን በላን።

ግሪኮች ዘንድ ያ ምልክት "አይደለም" ማለት ነው። ቅንድብ ወደ ላይ፣ ራስ ወደ ኋላ፣ "ጽ"። ሰውየው በግልጽ "አይደለም" ብሎናል። ማንም አላታለለንም። ግን ይህን የሚነግረን አልነበረም። እባካችሁ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በምልክት የተሰጣችሁን መልስ አትመኑ፣ በቃል አስደግሙት። "ኔ" ካሉ አዎ ነው፣ "ኦሂ" ካሉ አይደለም ነው። "ኔ" የሚለው ለጆሯችን እምቢታ ስለሚመስል እሱንም ቀድማችሁ ተለማመዱት።

ነገሩን ያወቅነው ከአከራያችን ነው። አንድ ምሽት የዚያን ቤት ፌስታል ይዘን ስንገባ ደረጃው ላይ አገኙን። ፌስታሉን አይተው "እናንተ አሳማ አትበሉም ብላችሁኝ አልነበር? የእነሱ ኬባብ እኮ ከአሳማ የተቀላቀለ ነው" አሉን። ጓደኛዬ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "ያ ረቢ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔ ምን እንደምላት ጠፋኝ። እኔም በልቻለሁ፣ እኔንም ሆዴን ባር ባር ብሎኛል፣ የእሷ ግን ይለይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትሰግድና ስታለቅስ አደረች። በነጋታው ኮምቦልቻ ደወለችና ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ እርጋታቸው አሁንም ይገርመኛል። "ልጄ፣ ሳታውቂ የበላሽው አያስጠይቅሽም፣ ጠይቀሽ ነው የበላሽው፣ አላህ ልብሽን ያያል" አሏት። እኔም ንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው ያሉኝ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እዚህ ላይ ያቆምኩት ለምን መሰላችሁ? ብዙ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ለማንም ሳይናገሩ በውስጣቸው ይዘውት ይብሰለሰላሉ። ለሃይማኖት አባቶቻችሁና ለወላጆቻችሁ ንገሩ። ይቀላችኋል።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ችግር የመጣው። ሁለታችንም ውጭ መብላት አቆምን። ዶሮ እንኳ አንነካም አልን፣ ምክንያቱም ዶሮውም የሚጠበሰው አሳማው በተጠበሰበት ብረት ላይ ነው፣ የሚገለበጠውም በዚያው መቆንጠጫ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ጊዜም ጉልበትም የለንም። ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ማታ ዳቦና ወይራ። ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ እኔ ጭራሽ ምክንያት አገኘሁ፣ ጾም ነው ብዬ ከዳቦው ሳልወጣ ገና ደረሰ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ደረጃ ስወጣ ዞሮብኝ ወደቅኩ። ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፣ ደሜ ተመረመረ፣ የደም ማነስ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ሐኪሟ የአመጋገቤን ነገር ጠይቃኝ ስነግራት በጣም ነው ያዘነችልኝ። የብረት እንክብል ሰጠችኝና "ምስርም ሥጋም ብዪ፣ ግን ብዪ" አለችኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጾም ማለት አለመብላት አይደለም። እናቶቻችን እዚህ ደሴ ሲጾሙ ሽሮው፣ ምስሩ፣ አተር ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ አለ። ሰው አገር ዳቦ በሻይ እየበሉ ጾምኩ ማለት ሰውነትን መጉዳት ነው። ምስርና ሽምብራ አቴንስ ውስጥ በየሱፐርማርኬቱ ሞልቷል። በርበሬና ሽሮ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ነገራችን የተለወጠው በአከራያችን ነው። መታመሜን ሲሰሙ ሾርባ ይዘው መጡ። ጓደኛዬም እኔም የሾርባውን ሳህን በጥርጣሬ ስናየው ገባቸው። ተቀመጡና በሰባራ እንግሊዝኛ የራሳቸውን ታሪክ ነገሩን። አያቶቻቸው ከሰምርኔስ ነው የመጡት፣ ዛሬ ኢዝሚር ከምትባለው የቱርክ ከተማ። በፈረንጆቹ 1922 ከተማዋ ስትቃጠል በመርከብ ሸሽተው ነው ግሪክ የገቡት። በቀጣዩ ዓመት ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ለመለዋወጥ ተስማሙ፤ ቀድሞ ከሸሸው ጋር በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከወዲያ ማዶ ወደ ግሪክ ገባ። የተፈጨ ሥጋ በቅመም ተለውሶ የሚጠበሰውን ኬባብ አቴንስ ላይ ያስፋፉትም እነዚያ ስደተኞችና አብረዋቸው የመጡ አርመኖች ናቸው። በስንጥር የሚጠበሰው ሥጋ ግን የአገሩ ነው፤ ሳንቶሪኒ ደሴት አክሮቲሪ በሚባል ቦታ፣ ከ3,500 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረች ከተማ ውስጥ፣ ስንጥር የሚደገፍበት የድንጋይ መጥበሻ ተቆፍሮ ተገኝቷል።

ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። ለምርጫ ይጠቅማችኋል። አከራያችን ያሉን "ከወዲያ ማዶ የመጡት ሰዎች ያወረሱትን ኬባብ ፈልጉ፣ የቆዩት ቤቶች ሥጋቸው በሬና በግ ነው" ነው። ከዚያ ወረቀት አውጥተው ቃላቱን ጻፉልን፣ እኛም በፊደላችን ገለበጥናቸው። እናንተም ገልብጡት።

ሂሪኖ አሳማ ነው። ኮቶፑሎ ዶሮ፣ ሞስሃሪ የበሬ ወይም የጥጃ ሥጋ፣ አርኒ በግ። "ዴን ትሮኦ ሂሪኖ" ካላችሁ አሳማ አልበላም ማለታችሁ ነው። "ኤሂ ሂሪኖ ሜሳ?" ካላችሁ ውስጡ አሳማ አለበት ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁ። ሆሪስ ማለት "ያለ" ነው፤ ሆሪስ ዛዚኪ ያለ ዛዚኪ። የሥጋውን ዓይነት ሳትጠሩ "አንድ ሱቭላኪ" ብቻ ካላችሁ የሚመጣላችሁ አሳማ ነው፣ እነሱ ዘንድ የተለመደው እሱ ስለሆነ። ዪሮስም እንደዚያው። ኬባብና ቢፍቴኪ የሚባለው የተፈጨ ሥጋ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ በሬ ብቻ ነው፣ አንዱ በሬና በግ፣ ሌላው አሳማ ይጨምራል። ስለዚህ የተፈጨ ነገር ስትገዙ ሁልጊዜ ጠይቁ። ባለቤቶቹ አይቆጡም። ወረፋ ሲበዛ ግን ለመመለስ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ከምሳ ሰዓት ግርግር በፊት ወይም ወደ ማምሻው ገና ከሰሉ ሲቀጣጠል ሂዱ።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

እኔ በጣም የወደድኩት ኦሞኒያ አደባባይ አጠገብ፣ ሳቶቭሪያንዱ መንገድ ላይ ያለውን ሌፍቴሪስ ኦ ፖሊቲስ ነው። በፈረንጆቹ ከ1951 ጀምሮ አለ። ጠባብ ቤት ነው፣ ብዙው ሰው ቆሞ ነው የሚበላው። ምናሌው አጭር ነው፤ የተፈጨ የበሬ ሥጋ በቅመም ተለውሶ ከሰል ላይ ይጠበስና ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከፐርስሊ ጋር በፒታ ይጠቀለላል። ዛዚኪ የለም፣ ችብስ የለም። መጀመሪያ ይህ ምን ጎደለው እንዴ ብዬ ነበር፣ ስቀምሰው ግን ምንም አልጎደለውም። ትንሽ ያቃጥላል፣ ለእኛ ምላስ ደግሞ ያ ደስታ ነው። ከረጅም ጊዜ በኋላ ያለ ሥጋት የበላሁት የመጀመሪያው ሥጋ እሱ ነው፤ ቆሜ ስበላ እንባዬ መጣ። ለኦርቶዶክስ ልጆች ከየትም በፊት የምልካችሁ እዚያ ነው።

ሞናስቲራኪ ሜትሮ ስትወጡ ሚትሮፖሌዎስ መንገድ ላይ ኬባብ ቤቶቹ ተደርድረዋል። ታናሲስ በበሬና በበግ ኬባቡ የታወቀ ነው። ሳህን ላይ ካዘዛችሁ ኬባቡ ከፒታ፣ ከተጠበሰ ቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ይመጣላችኋል፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። እዚያው አጠገብ በፈረንጆቹ ከ1879 ጀምሮ ያለው ባይራክታሪስ አለ፤ የእሱ ምናሌ ሰፊ ነው፣ አሳማም ዶሮም በግም አለበት፣ ስለዚህ በስም ጠርታችሁ እዘዙ። ሁለቱም ቤት ሌላ ዓይነት ሥጋም ስለሚጠብሱ ጥብሱ እንዳይነካካ የምትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። ተቀምጦ መብላት ከቴካዌይ ይወደዳል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ዳቦም ሒሳብ ላይ ይቆጠራል። ሞናስቲራኪ ቱሪስት የሚበዛበት ስለሆነ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ። ኦሞኒያ አካባቢም ማታ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሁኑ።

ስለ አግያ ኢሪኒ አደባባዩ ኮስታስ ብዙ ሰው ይነግራችኋል። ትንሽ ቤት ናት፣ ወረፋው አደባባዩን ይዞራል፣ ግሪኮች ይወዱታል። ዝናው ግን በአሳማው ነው፤ እኛ አልፈነዋል። ሰው ሁሉ ተሰለፈ ብላችሁ አትሰለፉ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለጓደኛዬ በቂ አልነበረም። አሳማ የሌለበት ማለት ሐላል ማለት አይደለም። ሌፍቴሪስ አብራኝ መጥታ እኔ ስበላ እሷ ቆማ ታዋራኝ ነበር፣ እኔም አልዋጥልሽ ይለኝ ነበር። ሙስሊም የሆናችሁ ልጆች ግን ተስፋ አትቁረጡ። ከኦሞኒያ ወደ ሜታክሱርጊዮ በሚወስዱት መንገዶችና ቪክቶሪያ አደባባይ አካባቢ የሶርያ፣ የግብፅና የፓኪስታን ሰዎች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች አሉ። ሐላል የሚለው በአረብኛ በር ላይ ተጽፏል። እሷ ግን ጽሑፉን አይታ ብቻ አትገባም፣ ሥጋው ከየት እንደሚመጣ ትጠይቃለች። ለጁምዓ ቮታኒኮስ ወዳለው መስጊድ ስትሄድ ከምታገኛቸው ሰዎችም ትጠይቃለች። ያ መስጊድ የተከፈተው በፈረንጆቹ ኅዳር 2020 ነው፣ ከዚያ በፊት አቴንስ ላይ የግሪክ መንግሥት ያቆመው መስጊድ አልነበረም። ጥሩ ሥጋ ቤት የት እንዳለ ከየትኛውም ጽሑፍ በላይ እዚያ የሚሰግዱ ሰዎች ያውቃሉ። በስንጥር የተጠበሰ ዶሮና በግ፣ በቂጣ ተጠቅልሎ፣ በነጭ ሽንኩርት ማባያ። የግሪክ ነው አይባልም፣ ግን ወንድሙ ነው።

ሁለታችንም አብረን የምንበላበት ደግሞ ፈላፈል ሆነ። ከሽምብራ ስለሚሠራ ለእሷም ለእኔም፣ ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል። ኤኦሉ መንገድ ላይ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። ለጿሚ ሲሆን እርጎ ያለበትን ማባያ አስወጡና በጣሂኒ ብቻ አስጠቅልሉ፤ ጣሂኒ ከሰሊጥ ነው።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ከተማው በሙሉ ጭስ ሆነ። ዕለቱ ጺክኖፔምፕቲ ነበር። ከሁዳዴያቸው መግቢያ 11 ቀን ቀድሞ የሚውል ሐሙስ ነው፣ ያን ቀን ግሪክ ሁሉ በየበሩ ሥጋ ይጠብሳል። የእኛ ዐቢይ ጾም ከእነሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ስለሚጀምር በእኛ አቆጣጠር ከቅበላው እሑድ በፊት ያለው ሐሙስ ላይ ዋለ። ስለዚህ ለእኔም ቅበላ ነበር። አቴንስ ውስጥ በዚያ ወቅት ካላችሁ እንዳያመልጣችሁ፣ ሰው የማያውቀውን ሁሉ "ና ብላ" እያለ የሚጠራበት ቀን ነው። አሁንም ግን "ሂሪኖ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ጾሙ ሲገባ ኒስቲሲሞ የሚለውን ቃል ተማርኩ። የጾም ማለት ነው። በየምግብ ቤቱ በጾማቸው ወቅት ተጽፎ ታዩታላችሁ። ግን ተጠንቀቁ፣ የእነሱ ጾም ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና ካላማሪ ይፈቅዳል። ኒስቲሲሞ ተብሎ የቀረበላችሁ ነገር ውስጥ እሱ ሊኖር ይችላል። እኔ "ሆሪስ ታላሲና" እላለሁ፣ ከባሕር የወጣ ነገር ሳይገባበት። ሱቭላኪ ቤት ውስጥም የጾም ጥቅል ማሠራት ይቻላል፤ ፒታ በችብስ፣ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በሰናፍጭ። ፒታው ሥጋው በሚጠበስበት ብረት ላይ እንዳይሞቅ፣ ወተት የገባበትም እንዳይሆን ጠይቁ። ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት ስመለስ የምበላው ይህንን ነበር።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ረመዳን ገባ። እኔ በሁዳዴ፣ እሷ በረመዳን። ማታ አፍጥራ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ፣ እኔም አብሬያት የምስር ሾርባዬን እጠጣለሁ። በሚያዝያ 8 ፋሲካ ሆነ፣ የግሪኮቹም በዚያው ቀን ዋለ። ኢድ ደግሞ በዚያው ሳምንት ዓርብ። ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ነውና ለእኔም ጾም የለም።

ያን ዓርብ በረንዳችን ላይ ራሳችን ሱቭላኪ ሠራን። እሷ ከሐላል ሥጋ ቤት የበግ ሥጋ ገዛች። እኔ ቫርቫኪዮስ ከሚባለው ትልቅ የሥጋ ገበያ የራሴን ገዛሁ። ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ ሁለት ሳህን። አከራያችን ወጥተው ሲያዩ "ለሁለት ሰው ሁለት መጥበሻ?" አሉ። ጓደኛዬ የወሎን ሠርግ አስረዳቻቸው፤ የሙስሊሙ በግ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ በግ ለብቻ ታርዶ፣ ድንኳኑ ግን አንድ እንደሆነ፣ ሙሽራውን ሁሉም አብሮ እንደሚሞሽረው። አሮጊቷ የራሳቸውን ወንበር አምጥተው መሀላችን ተቀመጡ። ፒታውና ዛዚኪው ግን የጋራ ነበር፣ ከአንድ ሳህን።

አገር ቤት ከተመለስኩ በኋላ ደሴም እሠራዋለሁ፣ ለሚፈልግ እነሆ። የበግ ሥጋ ከጭኑ ይሁን፣ ጮማው ትንሽ ይኑርበት፣ በአውራ ጣት ጫፍ ልክ ቁረጡት። ዘይት፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። ሪጋኒ እዚህ ስለማይገኝ የደረቀ ጦስኝ እጨምራለሁ፣ ጦስኝ ደግሞ ለወሎ ደጋ ሰው ከደጁ ነው። ሽታው አንድ አይደለም፣ ግን ከበግ ጋር ይስማማል፤ እንዲያውም እኔ አሁን ከሪጋኒው እመርጠዋለሁ። ጨውን ሥጋው እሳት ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ አድርጉ፣ ቀድሞ ከገባ ውሃውን ያወጣዋል። ስንጥሮቹን እንዳይቃጠሉ ውሃ ውስጥ ቀድማችሁ ዘፍዝፏቸው። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ነው የሚጠበሰው።

ለዛዚኪው እርጎውን በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ አስራችሁ አንጠልጥሉት፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪወፍር ይደር። ኪያሩን ፈቅፍቁት፣ በጨው አሽታችሁ በደንብ ጨምቁት። ካልጨመቃችሁት ማባያው ውሃ ይሆናል፣ ጥቅሉም ይፈርሳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ኮምጣጤ፣ ዘይት ጨምሩበት። ለፒታው የስንዴ ዱቄት በእርሾ አቡክታችሁ፣ ኩፍ ሲል ወፈር አድርጋችሁ ዳምጡትና በብረት ምጣድ ላይ አገላብጡት። ከምጣድ ሲወጣ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ክፍት ከተተወ ይደርቅና ሲጠቀለል ይሰነጠቃል።

ወደ አቴንስ የምትሄዱ ደግሞ ከላይ ያሉትን የግሪክኛ ቃላት ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፏቸው። እዚያ ስትደርሱ አንድ ግሪካዊ ጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛ በራሳቸው ፊደል እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ሱቭላኪ ቤት ገብታችሁ ቋንቋው ሲጠፋባችሁ ወረቀቱን ለጠባሹ አሳዩት፣ ከዚያ "ኔ" ወይም "ኦሂ" እስኪላችሁ ድረስ ገንዘብ አታውጡ።